ወረንጦ ዓይንን አያድንም

በዘጌም፣ በፎገራም፣ በደንቢያም፣ ገና ጉልበቱ ያልደከመ ወጣት ጥላ ሥር ተቀምጦ የዓይኑን ሽፋሽፍት በወረንጦ ሲያስነቅል አይታችሁ ይሆናል። «ፀጉር ገባብኝ» ይላል። ፀጉሩ ግን ከውጭ አልገባም። የራሱ የዓይን ቆብ ነው ወደ ውስጥ የታጠፈው።

ቆቡን ያጠፈው ማነው? ጢስም ምችም አይደለም። በልጅነት የጀመረ የዓይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። የልጁ ዓይን ይቀላል፣ ዓይናር ይይዛል። ዝንብ ዓይናሩን ይዛ ሌላው ልጅ ላይ ታርፋለች። ሁሉንም ልጅ የሚጠርገው የእናት ነጠላም ያው ነው። እናቶች ከአባቶች ይልቅ በዚህ በሽታ የሚጎዱትም ልጅ ስለሚይዙ ነው።

በሽታው ሲመላለስ የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ያወጣል። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንዴት እንደሚኮማተር ታውቃላችሁ። ጠባሳውም እንደዚያው ተኮማትሮ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ወዲያ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ብሌኑ ይቆስልና ነጭ ይሆናል። አንዴ ነጭ ከሆነ ቆቡ ቢቃናም እንኳ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ስለዚህ መቸኮል ያለብን ብሌኑ ሳይቆስል ነው።

ወረንጦስ? ለጊዜው ያስታግሣል። የተነቀለው በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ ከሥሩ የተሰበረውማ አጭርና ሸካራ ሆኖ ይብሳል። ጥቂት ፀጉር ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ይነቀል ሊል ይችላል፤ ቆቡ ከታጠፈ ግን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ ሰው «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» እያለ ይሸሻል እኮ! ምላጩ የሚነካው ቆቡን ብቻ ነው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል፤ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። ፀጉሩ አንዳንዴ ይመለሳልና ከተመለሰ እንደገና መታየት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ልጆች ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ነበረባቸው። በ2001 ዓ.ም. በወባና በዓይን ማዝ ላይ የሳምንት ዘመቻ ተከፍቶ መድኃኒቱ በየመንደሩ ታደለ። ዛሬ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ኪኒኑ ያለ ውሃ ብቻውን አይበቃማ! ጣና አጠገባችን ተንጣሎ የልጅ ፊት ሳይታጠብ መዋሉ ያሳዝናል። አንድ ጣሳ ይበቃል። ዝንቧ የምትፈለፈለው ደግሞ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ መጸዳጃ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለዚህም ጭምር ነው።

ነገ ጠዋት የእናታችሁን፣ የሚስታችሁን፣ የባላችሁን ዓይን በፀሐይ ብርሃን እዩ። አንድ ፀጉር እንኳ ብሌኑን ከነካ፣ ወረንጦውን አስቀምጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።