የጨዋታ ምርኮን በትክክል ስለ መካፈል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን፥ ወረቀትና እርሳስ ይዘን፥ ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ እየጣልን ስንሥቅና ስንከራከር ያየን ሰው ሁሉ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። መልሱን በአንድ ቃል ለመስጠት ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እገልጻለሁ፤ ቀጥሎም በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ጓደኝነታችን ሊፈርስ ከተቃረበ በኋላ ያወጣነውን የአከፋፈል ሕግ አስረዳለሁ። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ቁም ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም።

ጨዋታው በተረት ላይ የቆመ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል። መሪው አገሩን፥ ዋሻውን፥ ሽፍታውን፥ ዘንዶውንና ዘንዶው የሚጠብቀውን የተቀበረ ሀብት በሐሳቡ ፈጥሮ ይተርካል። የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይይዛሉ፤ አንዱ ሰይፈኛ፥ ሌላው ቀስተኛ፥ ሌላው አስማተኛ፥ ሌላው ፈዋሽ ይሆናል። ጀግናው ምን እንደሚያደርግ ተጫዋቹ ይናገራል፤ ይሳካለት ወይም አይሳካለት እንደ ሆነ ዳይሱ ይፈርዳል። የጀግናው ኃይል፥ መሣሪያና ገንዘብ በወረቀት ይመዘገባል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንትም እየተጠራቀመ ይሄዳል። በዚህ ጨዋታ አንዱ አሸንፎ ሌላው አይሸነፍም፤ ሁሉም የአንድ ጓድ አባሎች ሆነው አብረው ይወጣሉ፥ አብረው ይወርዳሉ።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ለገበያ የቀረበው በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይባላሉ። በመጀመሪያው ኅትመት የወጣው 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። በዚያ በጥንቱ ደንብ አንድ ጀግና ከዋሻ አውጥቶ ወደ ደኅና ቦታ ያደረሰው እያንዳንዱ ወርቅ አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኝለት ነበር፤ ነጥቡም ሲበዛ ጀግናው በማዕረግና በኃይል ከፍ ይላል። እንግዲህ ወርቅ መካፈል ማለት ዕድገትን መካፈል ማለት ነበር። በወርቅ የተበደለ ጀግና ከረጢቱ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም ከጓደኞቹ ያንሳል። ጋይጋክስም በ1978 ባሳተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ምርኮ እንዴት እንደሚከፈል ምክር ጽፎበታል።

መሪው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ የአከፋፈሉ ነገር ይቀላል። የራሱ ጀግና ስለሌለው እንደ ዳኛ ከመካከል ይቆማል፤ ወርቁ ለማንም ቢደርስ እሱ አይጠቀምም፥ አይጎዳም። በእኛ ማኅበር ግን መሪነቱን በየተራ እንይዘዋለን። መሪ የሚሆን ሰው በሳምንቱ ውስጥ ካርታ መሣል፥ ተረቱን ማሰናዳት፥ ደንቡን ማጥናት አለበትና፥ ይህን ሁሉ ሸክም አንድ ሰው ብቻ ይሸከም ማለት ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም በተራው ሲመራ፥ ዛሬ ሀብቱን የሚደብቀው ሰው ነገ ሀብቱን ከሚካፈሉት አንዱ ይሆናል። ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው።

ይህንንም በራሴ ጥፋት ላስረዳ። አንድ ቅዳሜ የመምራት ተራው የእኔ ሆነ። የእኔ ጀግና ሰይፈኛ ነው። በዋሻው መጨረሻ ላይ የእሳት ሰይፍ አስቀመጥሁ፤ «ከሰይፈኛ በቀር ማንም ሊይዘው አይችልም» ብዬም ደነገግሁ። በማኅበራችን ውስጥ ከእኔ ጀግና በቀር ሰይፈኛ እንደሌለ አውቅ ነበር። በዚያን ሰዓት ክፉ ሥራ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ ተረቱ ያመጣው ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ክፉ ምክር ሳላውቀው በእኔ ላይ ተፈጸመ።

ከመካከላችን ቀስተኛ የያዘች አንዲት ጓደኛችን አለች። ከእኔ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የመራችን እሷ ነበረች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት «ጀግናሽ በጨዋታው ውስጥ ስላልነበረች ድርሻ የላትም» ብለን ባዶ እጇን አስቀርተናት ነበር። ያን ቀን ሰይፉን ለራሴ ስመዘግብ አይታ፥ ወረቀቷን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችና «እኔ ሳገለግላችሁ ጀግናዬ ደኸየች፤ አንተ ስታገለግለን ግን ጀግናህ ከበረ» ብላኝ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ ባለው ቅዳሜ አልመጣችም። በክፍል ውስጥ እንኳ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። እኔም ለማንም የማይታይ፥ በእርሳስ የተጻፈ ሰይፍ ይዤ የምትታይና የምትናገር ጓደኛዬን እንዳጣሁ ገባኝ። አራታችንም ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ተመልሳም ሕጉን አብራን እንድታወጣ ለመንናት። እሷም ተመለሰች።

በንግግራችን ጊዜ ሦስት ቋጠሮዎች እንዳሉ ተረዳን። አንደኛው፥ የመሪው ጀግና ስለ ቀረ ድርሻ ከተከለከለ የሚያገለግል ሰው ይጎዳል፤ እንዲህም ከሆነ ለመምራት የሚፈቅድ አይገኝም። ሁለተኛው፥ የመሪው ጀግና ድርሻ ይኑረው ከተባለ፥ መሪው የዕቃውን ምሥጢር ስለሚያውቅ ለራሱ የሚመች ዕቃ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሦስተኛው፥ አንዱ መሪ ለጋስ፥ ሌላው ቆጣቢ ከሆነ፥ በአንዱ ሳምንት ወርቁ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፥ በሌላው ሳምንት ይደርቃል።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ የፈታችልን ያችው ጓደኛችን ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 30 የተጻፈውን ታሪክ አስታወሰችን። ዳዊት ከ600 ሰዎች ጋር አማሌቃውያንን ሲያሳድድ 200ዎቹ ደክመው ከወንዝ ዳር ከዕቃው ጋር ቀሩ፤ 400ዎቹ ተዋግተው ምርኮውን ይዘው ተመለሱ። ከተዋጉት አንዳንዶቹ «ለቀሩት ምርኮ አንሰጥም» ቢሉም ዳዊት ዕቃ የጠበቀውና የተዋጋው እኩል ይካፈሉ ብሎ ፈረደ፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። እኛም የመሪውን ጀግና በዚያ ሳምንት ከሰፈር ቀርቶ ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ቆጠርነው። ወርቁን በስድስት እንከፍለዋለን፤ አምስቱ የአምስታችን ሲሆን ስድስተኛው የማኅበሩ ከረጢት ነው። ለምሳሌ 300 ወርቅ ቢገኝ ለእያንዳንዱ 50 ይደርሰዋል፤ ከረጢቱም 50 ያገኛል። ከዚህ ከረጢት የቆሰለ ይታከማል፥ ገመድና ችቦ ይገዛል፥ የተማረከም ይዋጃል።

የጋራ ከረጢት ማለት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1987 ጆናታን ትዊትና ማርክ ሬይን ሄገን አርስ ማጂካ የሚባል ጨዋታ አሳትመዋል። ይህ ጨዋታ ገና ሲፈጠር መሪነቱ ከሰው ወደ ሰው እንዲዘዋወር ታስቦ የተሠራ ነው። ጀግኖቹ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሚኖሩ አስማተኞችና ረዳቶቻቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም ከአንድ በላይ ጀግና ስላለው፥ መሪ በሚሆንበት ጊዜ አስማተኛው ከቤት ቀርቶ ያጠናል እንጂ ተረቱ አይሰናከልም። ሁሉም የሚኖሩበት አንድ የጋራ ቤት አለ፤ መጻሕፍቱና ሌላው የቤቱ ሀብት ለማኅበሩ ይጠቅማል። እንግዲህ ሀብት ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ከተሰጠ፥ መሪው ቢለዋወጥም የሚጣላበት ነገር ያንሳል።

ሁለተኛው ቋጠሮ ከወርቅ ይልቅ በዕቃ ላይ ይጠብቃል። ወርቅ ይቆጠራል፥ ይከፈላል፤ ሰይፍ ግን ለአምስት አይቆረጥም። በዚህ ጊዜ ከወላጆቻችን ያየነው ቅርጫ መንገዱን አሳየን። በቅርጫ ጊዜ በሬው በጋራ ይገዛል፤ ሥጋው እኩል እኩል ተደርጎ በመደብ ይደለደላል፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ ይጣላል። መደቡን የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉንም በእኩል ዐይን ይደለድላል። የትክክለኛ ክፍያ ምሥጢሩ ይህ ነው፤ የሚደለድለው እጅ የሚመርጠው እጅ አይሁን።

ስለዚህ የአምስታችንን ስም በዕጣ ቅደም ተከተል በአንድ ደብተር ጻፍን። ዕቃ ሲገኝ ከሁሉ በላይ የተጻፈው ሰው ይመርጣል፤ መርጦ የወሰደም ስሙ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት መሪ የሆነው ግን ራሱ ካስቀመጠው ዕቃ መምረጥ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ቦታውን ሳይለቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ሲመራ ይመርጣል። የሚጠቅመው ዕቃ ያላገኘም ሳይወስድ ቢያልፍ ቦታው ይጠበቅለታል። ከዚህም ጋር የሚረዳ አንድ ደንብ አለ። በ2014 በወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ላይ፥ አንድ ጀግና ከራሱ ጋር አዋህዶ ሊይዛቸው የሚችላቸው ብርቱ አስማታዊ ዕቃዎች ከ3 እንዳይበልጡ ተወስኗል። አራተኛውን ያገኘ ሰው ለጓደኛው ማስተላለፍ ይቀለዋል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ሁሉም አጥብቀው የሚፈልጉት አንድ ዕቃ ይገኛል። ለዚህ የሚሆን ዘዴ ብሮኒስዋፍ ክናስተር የተባለው ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ አስቦት በ1940ዎቹ ዓመታት ታውቋል። አራት ተጫዋቾች አንድ የአስማት ቀለበት አገኙ እንበል። እያንዳንዱ «ለእኔ ይህን ያህል ወርቅ ያወጣል» ብሎ በወረቀት ጽፎ ያጥፋል፤ ወረቀቶቹም ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ። የመጀመሪያው 400፥ ሁለተኛው 320፥ ሦስተኛው 240፥ አራተኛው 160 ጽፈዋል። ቀለበቱን 400 የጻፈው ይወስዳል። የራሱ ሩብ ድርሻ 100 ስለ ሆነ ቀሪውን 300 ወርቅ ከጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ራሳቸው ከጻፉት ሩቡን፥ ማለት 80፥ 60ና 40 ይወስዳሉ፤ ድምሩ 180 ይሆናል። ከ300 ላይ 180 ሲነሣ 120 ይተርፋል። ይህ ትርፍ እንደ ሊቁ ዘዴ ለአራቱ 30፥ 30 ይደርሳቸዋል። እኛ ግን መሪውንም ጨምረን ለአምስት 24፥ 24 እናካፍለዋለን።

ከዚህ ላይ የሚያስደንቀው፥ እያንዳንዱ ተጫዋች «ይገባኛል» ብሎ በገዛ እጁ ከገመተው ሩብ በላይ ማግኘቱ ነው። ያጣም የሚያለቅስበት ምክንያት የለውም፤ ዋጋውን የጻፈው ራሱ ነውና። አብዝቶ የሚጽፍ አብዝቶ ይከፍላል፤ አሳንሶ የሚጽፍ ዕቃውን ያጣል። በእጁ ወርቅ የሌለው ደግሞ ከሚቀጥሉት ድርሻዎቹ እየቀነሰ ይከፍላል፤ ይህም ሀብታም ጀግና ብቻ ሁሉን እንዳይጠቀልል ይረዳል። ዘዴው የሚበላሸው የጓደኛውን ወረቀት አሾልቆ የሚያይ ሲኖር ነው።

ሦስተኛውን ቋጠሮ የፈታነው በልክ ነው። በአንድ ቀን ጨዋታ ከ300 ወርቅና ከሁለት አስማታዊ ዕቃ በላይ እንዳይቀመጥ ተስማማን። መሪውም ያስቀመጠውን ሀብት ከጨዋታው በፊት ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያኖራል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ፖስታው በሁላችን ፊት ይከፈታል። ይህን ያደረግነው ጓደኞቻችንን ስላላመንን አይደለም፤ ማንም ሰው እንደ እኔ በራሱ ልብ እንዳይታለል ብለን ነው እንጂ።

ሕጉን ጽፈን ከፈረምን በኋላ የእሳት ሰይፉን ወደ ማኅበሩ ከረጢት መለስሁት። ጓደኛችን በመራችባቸው ሁለት ሳምንታት የተገኘውንም ወርቅ ቆጥረን የቀረባትን ድርሻ ከየከረጢታችን አዋጥተን ከፈልናት። ወርቁ የእርሳስ ጽሕፈት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ስንቆጥርላት ማንም አልሣቀም። በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት በክፍል ውስጥ ቀድማ ሰላም ያለችኝ እሷ ነበረች።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ለመጀመር የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሕጉን የምታወጡት ምርኮው ከመታየቱ በፊት ይሁን። ወርቁ ከታየ በኋላ የሚወጣ ሕግ ሁሉ አንዱን ለመጥቀም የወጣ ይመስላልና። ደግሞም በጨዋታ ጊዜ ድርሻውን በትክክል መካፈል የለመደ ተማሪ፥ ነገ የዕቁብ ጸሐፊ ወይም የመሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ እውነተኛ ገንዘብ በእጁ በሚገባበት ጊዜ፥ የሚደለድለው እጅ የሚመርጠው እጅ እንዳይሆን ያስታውስ ይሆናል ብዬ ተስፋ በማድረግ ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።