ኢንሱሊን የተገኘባት ቶሮንቶ ያስተማረችው፦ የስኳር ሕመምና በወረርሽኝ ወቅት የሚያደርሰው የሞት አደጋ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል ተኝቶ ይታከም የነበረ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከእንስሳት ቆሽት የተዘጋጀ ፈሳሽ በመርፌ ተሰጠው። በዚያ ዘመን የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ዕጣው የታወቀ ነበር። ሐኪሞች ምግቡን እጅግ ቀንሰው ዕድሜውን ጥቂት ከማራዘም በቀር የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። የመጀመሪያው መርፌ በሚገባ የተጣራ ስላልነበረ ውጤቱ አመርቂ አልሆነም። ጄምስ ኮሊፕ ያጣራው ፈሳሽ ከ12 ቀናት በኋላ ሲሰጠው ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ፤ ጉልበቱም ተመለሰ። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ የጀመሩት ምርምር ኢንሱሊንን ለዓለም አበረከተ። በ1923ም ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሌናርድ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። በኢንሱሊን እየታገዘ 13 ዓመት ከኖረ በኋላ በ1935 በሳንባ ምች ሞተ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሳንባው በተላላፊ በሽታ ሲጠቃ የሚገጥመው አደጋ ምን ያህል ነው? ይህ ጥያቄ ከኢንሱሊን ግኝት 81 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ በአዲስ መልክ ተነሣ።

የ2003ቱ የሳርስ ወረርሽኝ

በፌብሩዋሪ 2003 ከሆንግ ኮንግ ወደ ቶሮንቶ የተመለሱ አንዲት አረጋዊት፣ በኋላ ሳርስ የሚል ስያሜ የተሰጠውን የሳንባ በሽታ ሳያውቁት ይዘው መጡ። በማርች መጀመሪያ በቤታቸው ሲያርፉ የሞታቸው ምክንያት የልብ ሕመም እንደሆነ ተመዘገበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጃቸው ታሞ በስካርቦሮ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄደ፤ በሽታው ከእርሱ ወደ ሌሎች ሕሙማንና ወደ ሆስፒታሉ ሠራተኞች ተዛመተ። ወረርሽኙ እስኪገታ ድረስ በካናዳ 44 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ መካከል ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም ይገኙበታል።

የቶሮንቶ ሐኪሞች በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው መረጃ መሰብሰብ አላቋረጡም። ከማርች 7 እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2003 በከተማዋና በአካባቢዋ ባሉ 10 ሆስፒታሎች የተኙ 144 የሳርስ ሕሙማንን ሁኔታ መርምረው፣ ውጤቱን በጁን ወር በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። ከሕሙማኑ 77 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የያዛቸው በሆስፒታል ውስጥ ነበር። 29ኙ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ 8ቱ ሞቱ።

ተመራማሪዎቹ የትኞቹ ሕሙማን ይበልጥ እንደተጎዱ ሲያሰሉ የስኳር ሕመም ጎልቶ ወጣ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የመሞት፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ወይም በመሣሪያ እየታገዙ የመተንፈስ ዕድላቸው ሕመሙ ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር 3.1 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የሌሎች ተጓዳኝ ሕመሞች አደጋ 2.5 እጥፍ ነበር።

እነዚህ አኃዞች በጥንቃቄ መነበብ ይገባቸዋል። 3.1 እጥፍ የሚለው ሞትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ሦስቱን ክፉ ውጤቶች በአንድነት የያዘ ነው። የሕሙማኑ ቁጥር ጥቂት በመሆኑም፣ እውነተኛው ልዩነት ከ1.4 እስከ 7.2 እጥፍ ባለው ርቀት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል አጥኚዎቹ አስቀምጠዋል። ይሁንና ዝቅተኛው ግምት እንኳ አደጋው መኖሩን የሚያመለክት ነው።

ስኳር ሰውነትን እንዴት ያዳክማል?

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት የአንዱ መከራ በሌላው ላይ መደረብን ለመግለጽ ነው። በስኳር ሕመምና በተላላፊ በሽታ መካከል ያለው ግንኙነት ግን ከመደረብም ያልፋል፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ተህዋስያንን አሳደው የሚውጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸውን በሚገባ ማከናወን ያቅታቸዋል። በሌላ በኩል ሕመሙ ሰውነትን ዝቅተኛ በሆነ የማያቋርጥ ብግነት ውስጥ ያቆየዋል። በዚህ ምክንያት ቫይረሱ ሲገባ የመከላከል ኃይሉ በመጀመሪያ ይዘገያል፤ በኋላ ደግሞ ከልክ አልፎ የራሱን ሳንባ እስከ መጉዳት ይደርሳል። ደም የመርጋት ዝንባሌም ይጨምራል። ልብና ኩላሊታቸው አስቀድሞ በስኳር የተጎዳባቸው ሕሙማን ይህን ሁሉ የሚቋቋሙበት አቅም አነስተኛ ነው።

ተላላፊው በሽታም በተራው ስኳሩን ያባብሳል። ሰውነት ሲታመም እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ እነዚህም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ለከባድ ሕሙማን የሚታዘዙት እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሕይወት ቢያድኑም የደም ስኳርን ይጨምራሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚሰጠው ሕመምተኛ ስኳሩ በየጊዜው መለካት አለበት።

የተደጋገመ ምስክርነት

ቶሮንቶ በ2003 ያየችው ነገር በሌሎች ወረርሽኞች ተደግሟል። በ2009 የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ሲዛመት በኩቤክ የተደረገ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ሆስፒታል የመግባትን አደጋ ሦስት እጥፍ፣ ከገቡ በኋላ ደግሞ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመዛወርን አደጋ አራት እጥፍ እንደሚያደርስ አሳየ።

ኮቪድ-19 ሲመጣ ማስረጃው በብዙ ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተደገፈ። በእንግሊዝ ከ61 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሸፈነ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያው ማዕበል በሆስፒታል ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ዕድሜና የኑሮ ሁኔታ ከታሰቡ በኋላ እንኳ የሞት ዕድሉ በዓይነት 1 የስኳር ሕመም 3.5 እጥፍ፣ በዓይነት 2 ደግሞ 2 እጥፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ13 የአፍሪካ አገሮች ያሰባሰበው መረጃም፣ በኮቪድ ከተያዙ የስኳር ሕሙማን 10.2 በመቶው መሞታቸውን ገልጿል። በአጠቃላይ ከታመሙት የሞቱት 2.5 በመቶ ነበሩ።

ከእነዚህ አኃዞች ጎን ለጎን አንድ ተስፋ ሰጪ እውነት አለ። አደጋው ለሁሉም የስኳር ሕሙማን እኩል አይደለም። በእንግሊዝ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠናቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የነበረ የዓይነት 2 ሕሙማን፣ ከ6.5 እስከ 7 በመቶ ከነበራቸው ሕሙማን ይልቅ የሞት አደጋቸው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። ዕድሜን መለወጥ አይቻልም፤ ስኳርን መቆጣጠር ግን ይቻላል።

ሰፈርና ሥራ

በካናዳ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው በጃንዋሪ 2020 በዚያችው በቶሮንቶ ነበር። ከወራት በኋላ የከተማዋ የጤና ቢሮ ያወጣው መረጃ፣ ከነዋሪዎቿ 52 በመቶ የሚሆኑት ነጭ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች ከታመሙት 83 በመቶውን እንደሚይዙ አመለከተ። ክፉኛ የተጠቁት የሰሜን ምዕራብ ሰፈሮች፣ በ2007 በወጣ የጥናት አትላስ የስኳር ሕመም በብዛት እንደሚገኝባቸው አስቀድሞ የተመዘገቡ ናቸው። ከቤት ሆኖ መሥራት የማይችል፣ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ አረጋውያን መጦሪያ የሚሄድ ሰው ለሁለቱም በሽታዎች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህ ሁኔታ በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በታክሲና በመጋዘን ሥራ ለተሠማሩ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በማርች 13 ቀን 2020 ሲታወቅ ሌላ ፈተና ተደቀነ። ይኸውም ሕመሙን የማያውቅ ሕመምተኛ ነው። በአፍሪካ የስኳር ሕመም ካለባቸው መካከል 70 በመቶ ያህሉ መታመማቸውን እንደማያውቁ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ገምቶ ነበር። ሕመማቸውን የሚያውቁትም ቢሆኑ ክትትላቸው ተስተጓጉሏል። ድርጅቱ በሜይ 2020 ከ155 አገሮች ባሰባሰበው መረጃ፣ በ49 በመቶው የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ነበር።

ከሚቀጥለው ወረርሽኝ በፊት

የሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጧቸው ምክሮች በሰላሙ ጊዜ የሚጀመሩ ናቸው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው፣ በቤተሰቡ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ክብደቱ የጨመረ ሰው ሊመረመር ይገባል። ሕመሙ ያለበት ሰው የሦስት ወር አማካይ መጠኑን ማወቅ፣ የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ክትባቱን መውሰድ፣ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ መድኃኒት በቤቱ ማኖር ይኖርበታል። ጾም የሚጾም ምእመን መድኃኒቱንና የምግብ ሰዓቱን ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ቢያስማማ መልካም ነው።

ትኩሳት ሲነሣ ደግሞ ዋናው ስሕተት «ምግብ ስላልበላሁ ኢንሱሊኑ ይቅር» ማለት ነው። በሕመም ጊዜ ስኳር ያለ ምግብም ይወጣል። በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ ካቋረጠ ደሙ በአሲድ ተመርዞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስኳርን ቶሎ ቶሎ መለካት፣ ውኃ መጠጣት፣ የሚዋጡ መድኃኒቶችን ስለማስቀጠል ወይም ለጊዜው ስለማቆም ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማስታወክ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአእምሮ መደናገር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

የባንቲንግ የልደት ቀን የሆነው ኖቬምበር 14 በየዓመቱ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይታሰባል። ኢንሱሊን ለሌናርድ ቶምሰን የሰጠው 13 ዓመት ዛሬ ለሌሎች ሕሙማን ሙሉ ዕድሜ ሆኗል። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼና ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ጠብታ ደም የሚነበበው የስኳር መጠን ግን ዛሬውኑ ሊታወቅ ይችላል።