ቆላ ላይ ተራራ መዞር፦ የሚባለውና እውነታው

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ዳር የተቀመጠች ቆላ ናት። «ጋምቤላ ሜዳ ነው፤ ደግሞ የምን ተራራ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዓይኑን ወደ ኢታንግና ወደ ጂካዎ ለጣለ ሰው አባባሉ ልክ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ግን ሌላ አገር ያያል። በቦንጋ በኩል (የካፋውን ሳይሆን በቡሬ መንገድ ላይ ያለውን ቦንጋ ማለቴ ነው) ምድሩ ሽቅብ መነሳት ይጀምራል፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ጎሬ ላይ 2,000 ሜትር ይደርሳል። እንግሊዞች በ1902 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ፣ በክረምት ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች የሚጭኑት ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደው ይህንኑ ቁልቁለት ነው።

ታዲያ ለአንድ ቀን ጓደኛሞች ተሰባስበው አንዱን ገላጣ፣ ቀጥ ያለ ኮረብታ በአንድ በኩል ወጥተው በሌላው ሊወርዱ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ራስ ዳሽን አይደል፤ ምን ያስፈራል?» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ አየር አያጥርም። ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ሽቅብ የወጣ ሰው ብርድ ይቀበለዋል፤ እዚህ የሚቀበለው ያው ሙቀት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ የሚቀዘቅዘው 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። መጋቢት ላይ ሥሩ 40 ዲግሪ የሆነ ኮረብታ፣ 400 ሜትር ቢወጡበት ጫፉ ላይ ከ37 ብዙም አይወርድም። ያውም ያለ ዛፍ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት ነው። «ፀሐይ የምትከረው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትለዝባለች» ይባላል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ነው። ጋምቤላ ያለችው ደግሞ 34 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ምድር አንዷን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ፀሐይ ጋምቤላ ላይ እኩለ ቀን የምታደርገው 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፤ እንደ ወቅቱ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል። ከአዲስ አበባ እንኳ 16 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። አየሩ ደግሞ የሚግለው ከፀሐይዋ በኋላ ስለሆነ የቀኑ ትልቁ ሙቀት የሚመጣው ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። «6 ሰዓት አለፈ፣ አሁን እንውረድ» ያለ ቡድን ገና ወደ እሳቱ እየገባ ነው። በጥር ፀሐይ የምትወጣው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሲነጋጋ መነሳትና 6 ሰዓት ላይ ሥሩ መገኘት ነው ዕቅዱ።

ዙሩን በየት በኩል መጀመርም ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። ጠዋት ጥላ ያለው የተራራው ምዕራብ ጎን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምሥራቁ። በዕቅዱ መሠረት 6 ሰዓት ላይ ሥሩ ለሚገኝ ቡድን የሚጠቅመው የጠዋቱ ጥላ ነው፤ በምዕራብ የወጣ ዳገቱን በጥላ ይጨርሳል። ነገር ግን ምሥራቁ ገደል ከሆነ ጥላውን ትቶ ገደሉን በሽቅብ፣ ለስላሳውን በቁልቁል ማድረግ ይሻላል። እኔ ብሆን ከጥላ ይልቅ እግሬን አስቀድማለሁ። በሚያዝያ መጀመሪያ ግን ይህ ሁሉ ስሌት እኩለ ቀን ላይ አይሠራም፤ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ስለምትቆም ቀጥ ያለ ድንጋይ እንኳ ጥላ አይሰጥም።

«ዙር መንገድ አያጠፋም፤ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ያደርሳል።» ይህ አባባል ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። በመጡበት መመለስ ሲሆን ክፉውን ቦታ አንድ ጊዜ አይተውታል። ዙር ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ነው፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ መመለስም መቀጠልም እኩል ይርቃል። ውሃው የሚያልቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይቆረጣል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር ገደማ 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። 9 ኪሎ ሜትር ዙርና 500 ሜትር ዳገት ቢሆን 2 ሰዓት ከ40 ያህል ማለት ነው። ይህ ግን ለስኮትላንድ ብርድ የተሠራ ነው። ለቆላ ሙቀት፣ ለሣሩና ለዕረፍቱ እጥፍ አድርጎ 5 ሰዓት መያዝ አይበዛም። በ1 ሰዓት የተነሳ ቡድን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹን ካላለፈ በመጣበት ይመለስ።

ቁልቁለቱን ንቆ ጉልበቱን ሁሉ ዳገቱ ላይ የሚጨርስም አለ። ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም የሚሄድ የጋምቤላ ሰው እንኳ ጭኑ ቁልቁለት አልለመደም፤ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው፣ ጠጠሩ የሚያንሸራትተውም ሲወርድ ነው።

«እኛ ሙቀቱን ለምደነዋል፤ ብዙ ውሃ አያስፈልገንም» የሚለው ደግሞ ተገልብጦ የተነገረ ነው። ሙቀት የለመደ ገላ ቶሎና አብዝቶ ያልባል፤ የሚቀዘቅዘውም በላቡ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያስፈልገው አብልጦ ነው። በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ለ5 ሰዓት ዙር 4 ወይም 5 ሊትር ለአንድ ሰው። ላብ ጨውም ይዞ ስለሚወጣ ቆሎ ወይም ጨው ያለው ምግብ አይቅር። መንገድ ላይ የሚገኝ ምንጭ ስለፈሰሰ ብቻ ንጹሕ አይደለም፤ «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ምች። አንዱ ከመሃል ሲንገዳገድ፣ ቃሉ ሲወላገድ፣ «ምች መታው!» ይባላል፤ ዳማከሴ ይፈለጋል፣ እያላበው በነጠላ ይሸፈናል፣ «ውሃ እንዳይነካው!» ይባላል። ዳማከሴ የእናቶቻችን መድኃኒት ነው፤ ክብር አለው። የሰውነት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያለፈ ሰውን ግን አያቀዘቅዝም፤ መሸፈኑማ ይገድለዋል። መጋረጃ አበጅቶ ጥላ መስጠት፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ያለውን ውሃ ሁሉ ገላው ላይ ማፍሰስና ማራገብ፣ ከዚያ ተሸክሞ ማውረድ ነው የሚያድነው። «ገና እያላበው ነው፤ ደኅና ነው» ማለትም ያታልላል፤ ሲለፋ የወደቀ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል። ምልክቱ ላቡ ሳይሆን አእምሮው ነው፦ ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ ይጠየቅ።

ወቅትን በተመለከተ «ምድሩ ሲለመልም ነው የሚያምረው» ይባላል። ያምራል፤ ግን ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ መንገዱን ይውጣል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ገላጣ ጫፍ ላይ መብረቅ አለ። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ያለው ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ወዲያው መውረድ እንጂ ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ለዚህ ጉዞ የተሻሉት ኅዳር መጨረሻ፣ ታኅሣሥና ጥር ናቸው። ያኔም ሣር ይቃጠላልና ጭስ ከየት እንደሚነሳ ከመነሳት በፊት ማየት ነው። የገንዲ ዝንብ ቀን እንደሚነክስ፣ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅም እንደሚስበው አይረሳ፤ ነጣ ያለ ልብስ ይመረጥ።

ስልክ ከኮረብታው ጀርባ ላይሠራ ስለሚችል «ስልክ ይዘናል» በቂ አይደለም። ቀበሌውን አስፈቅዶ፣ አገሩን የሚያውቅ መሪ ይዞ፣ የሚዞሩበትን አቅጣጫ በወረቀት ጽፎ ቤት ለቀረ ሰው መስጠት ነው፤ ከሥሩም «እስከ 8 ሰዓት ካልደወልን በምዕራብ በኩል ፈልጉን» ብሎ መጻፍ።