የጦር አውሮፕላን ሞተርና አቅጣጫ መሪ ለምን ይዘገያሉ?

አዲስ የጦር አውሮፕላን ከተያዘለት ቀን ሲዘገይ፣ በተደጋጋሚ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሞተሩ ወይም የአቅጣጫ መሪ መሣሪያው ነው። ሁለቱም ሰማይ ላይ ሊበላሹ የማይገባቸው ስለሆኑ ረጅም ሙከራ ይጠይቃሉ። ይህን ችግር በከፊል ያለፈ አውሮፕላን ኩልፎ ወንዝ በሚያቋርጣት አርባ ምንጭ ታይቷል።

የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጥቂት ዓመታት ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ሪፐር የተባለውን ሰው አልባ አውሮፕላን ያበር ነበር። አሜሪካውያን ባለሥልጣናት በረራው መሣሪያ ያልታጠቀ ቅኝት መሆኑን ገልጸዋል። የሪፐር ታላቅ የሆነው ፕሬዳተር 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ሮታክስ የፒስተን ሞተር ሲበር፣ ሪፐር 900 የፈረስ ጉልበት ያለው ሃኒዌል ተርቦፕሮፕ ተገጥሞለታል። የዚህ ሞተር ዝርያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሲቪል አውሮፕላኖች ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። የሪፐር የመጀመሪያው ናሙና በ2001 ሲነሣ አካሉ አዲስ፣ ሞተሩ ግን የተፈተነ ነበር። የጉልበቱ ጥቅም እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሥፍራ ጎልቶ ይታያል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አካባቢው ደግሞ ሞቃት ነው። ከፍታና ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሱት የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል።

ሞተርን ከባዶ መሥራት ሌላ ነገር ነው። በተዋጊ ጄት ተርባይን ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ የተርባይኑ ክንፎች የተሠሩበትን ብረት ሊያቀልጥ የሚችል ሙቀት አለው። ክንፎቹ የሚተርፉት በልዩ ቅይጥና በውስጣቸው በሚያልፍ ማቀዝቀዣ አየር ነው። ከዚያም ሞተሩ ለብዙ ሰዓት ይሽከረከራል፤ ወፍ ሲገባበት የሚደርሰውም ይፈተናል። አንድ ክንፍ ቢሰነጠቅ ንድፉ ይታረማል፣ ሙከራውም ይደገማል።

ህንድ ለቴጃስ ተዋጊ አውሮፕላን ያሰበችው ካቬሪ ሞተር በ1989 ቢፈቀድም አልደረሰም፤ ቴጃስ በ2001 የበረረው በአሜሪካው ኤፍ404 ሞተር ነው። በአውሮፓም የኤ400ኤም ማጓጓዣ አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራ ተራዝሞ በታኅሣሥ 2009 ተካሂዷል፤ ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ነበር።

የአቅጣጫ መሪ መሣሪያም የራሱ ፈተና አለው። ዙርን በሁለት የሌዘር ጨረሮች የሚለካው የሌዘር ጋይሮስኮፕ በ1963 ተሠርቶ ታይቶ ነበር። አውሮፕላኑ በዝግታ ሲዞር ግን ሁለቱ የሌዘር ጨረሮች እርስ በርስ ተቆላልፈው ዙሩን መለካት ያቆማሉ። መሣሪያውን ያለማቋረጥ በጥቂቱ በማነቃነቅ ይህ እስኪፈታና መሣሪያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቦይንግ 757 እና 767 አገልግሎት እስኪገባ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ወሰደ። የሳተላይት አቅጣጫ መሪው ጂፒኤስም በ1973 ተወስኖ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 መጠቀ። በ1986 ቻሌንጀር መንኮራኩር ስትፈነዳ ቀሪዎቹን ሳተላይቶች በመንኮራኩር የማምጠቅ ዕቅድ ተስተጓጎለ፤ ሥርዓቱ ሙሉ አገልግሎት ላይ መዋሉ የታወጀው በ1995 ነው።

መዘግየትን የሚቀንሱ የታወቁ መንገዶች አሉ። የሞተሩን ሥራ ከአካሉ ዓመታት አስቀድሞ መጀመር፣ አዲሱን አካል በተፈተነ ሞተር ማብረር፣ ሳተላይትንና ጋይሮስኮፕን አጣምሮ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያርመው ማድረግ ዋናዎቹ ናቸው። ሙከራውን ማሳጠር ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ መሬት ላይ ያልተገኘ ጉድለት በበረራ ላይ የሰው ሕይወት ያስከፍላልና።