ስለ እፉኝት ጠባይ

በባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ፥ ከቆላው አፋሮች ግመላቸውን እየነዱ፥ ከደጋውም ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ይገናኛሉ። ብዙዎቹ ጎሕ ሳይቀድ በእግር የሚጓዙ ስለሆኑ፥ በቆላና በወይና ደጋ ስለሚገኘው ስለ ወፍራሙ እፉኝት ጥቂት መጻፍ የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

ብዙው እባብ የሰው ኮቴ ሲቀርበው ይሸሻል። እፉኝት ግን መልኩ አፈርና የረገፈ ቅጠል ስለሚመስል፥ ይህንኑ ታምኖ ባለበት ይተኛል። ስለዚህ የሚነድፈው ሰውን አሳዶ ሳይሆን፥ ሰው ሳያየው ሲረግጠው ነው። ረጃጅም ጥርሶቹ አፉን ሲዘጋ ወደ ላንቃው ይታጠፋሉ፤ ሲነድፍ ይቃናሉ። መርዙም ሥጋን ያሳብጣል፥ ያበሰብሳልም።

ልጆቹ የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ መባሉ እውነት አይደለም። እንስቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ይዛ አሳድጋ፥ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች በደኅና ትወልዳለች።

የተነደፈ ሰው ሲያጋጥም ቁስሉን መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ በገመድም አጥብቆ ማሰር ጉዳት ይጨምራል እንጂ አይረዳም። የሚገባው ቀለበቱንና ጫማውን አውልቆ፥ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው፤ የመርዙ ማርከሻ በመርፌ የሚሰጠው በዚያ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የእባብን ንክሻ ችላ ከተባሉት በሽታዎች ጋር የቆጠረው፥ በብዛት የሚጎዳው ከሐኪም ርቆ የሚኖረው ባላገር ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሰው በሌሊት ሲልኩ፥ መብራትና ጫማ እንዳይነፍጉት አደራ እንላለን።