ኮምፒዩተር አዲስ መድኃኒት ሊፈልግልን ይችላልን?

ልጅዎ ጉሮሮውን አሞት ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረ እንደ ሆነ፣ ጧት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት ዓይንዎ የሚያርፈው ባለፈው ጊዜ ከተረፈው የአሞክሳሲሊን ጠርሙስ ላይ ይሆናል። ጎረቤትዎም «ለእኔ ልጅ ሠርቶለታል» ብላ ሦስት ካፕሱል ትሰጥዎት ይሆናል። ይህን የምናነሣው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ልንነግርዎ ያሰብነው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መድኃኒት ፍለጋ ነው፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዚያች ጠርሙስ ነው።

አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ ይራባሉም። ያለ በቂ ምክንያት ወይም እንዳገኙ ሲወሰድ ደግሞ መላመዱ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በመላው ዓለም ገድለዋል። አዲስ አንቲባዮቲክ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ሕመምተኛው ለጥቂት ቀናት ወስዶ የሚተወው መድኃኒት ለኩባንያዎች ብዙ ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ፍለጋውን ትተውታል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ረጂና ባርዚላይ የኮምፒዩተር ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ እውቀታቸውን ወደ ሕክምና አዞሩት። ከባልደረባቸው ከፕሮፌሰር ጄምስ ኮሊንስና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2020 ያሳተሙት ሥራ ብዙ ያነጋገረ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ምስር መልቀም ስትማር የጠጠርን ትርጉም ማንም አያስረዳትም፤ እናቷ ስትለቅም እያየች ዓይኗ ይለምዳል። ኮምፒዩተሩም የተማረው እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎቹ 2,335 ውሑዶችን በቤተ ሙከራ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ አንድ በአንድ ሞከሩ። «ይህ እድገቱን ገታው፣ ይህ አልገታውም» እያሉ ምልክት አደረጉ። ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ ምሳሌዎች የውሑዱን አሠራርና ኃይሉን ማዛመድ ተማረ። ቀጥሎ ስድስት ሺህ ያህል ሌሎች ውሑዶች ቀረቡለት፤ ጥያቄውም ኃይለኛ ይሆናል የሚባለውን፣ ግን ከታወቁት አንቲባዮቲኮች የማይመሳሰለውን እንዲለይ ነበር። ዘመዱን የለመደ ባክቴሪያ አዲሱንም ፈጥኖ ይለምዳልና ልዩነቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የተለየው ውሑድ ቀድሞ ለስኳር በሽታ ሲጠና የነበረ ነው። ሃሊሲን ብለው ጠሩት፤ ስሙን የወሰዱት በ1968 በወጣ ፊልም ውስጥ ካለ ሐል ከተባለ ኮምፒዩተር ነው። (ያ ኮምፒዩተር በፊልሙ ሰው የሚገድል ነው፤ ለመድኃኒት የሚሆን ስም የጠፋ ይመስል!) የታወቁትን አንቲባዮቲኮች ሁሉ በተላመደ አሲኔቶባክተር የተመረዘ የአይጥ ቁስል ሃሊሲን ባለበት ቅባት ሲታከም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከባክቴሪያው ጸዳ። ኢ. ኮላይ በቤተ ሙከራ ለ30 ቀናት ሃሊሲን ሲሰጠው አልተላመደውም። እርስዎም የሚያውቁትን ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ መላመድ ጀመረ፤ በ30ኛው ቀን የመቋቋም ኃይሉ 200 እጥፍ ያህል ሆነ። ጠርሙሷን ያነሣነው ስለዚህ ነው።

ከዚያም ኮምፒዩተሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ ውሑዶችን በሦስት ቀን አበጠረ። ከነዚህ 23ቱ ተመርጠው በሰው እጅ ሲሞከሩ ስምንቱ ባክቴሪያን የሚገቱ ሆነው ተገኙ። አሥራ አምስቱ አልሠሩም ማለት ነው። ሃሊሲንም ቢሆን ፕሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ አላሸነፈውም።

ታዲያ መቼ ይደርሰናል ይሉ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ያሳጠረው የመልቀሙን ሥራ ነው። ውሑዱ የሰውን ጉበትና ኩላሊት አለመጉዳቱ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መስማማቱ፣ መጠኑም ቢሆን የሚታወቀው በሰው ላይ በሚደረግ የዓመታት ምርመራ ነው፤ ይህን ኮምፒዩተር አይተካውም።

እስከዚያው ለልጅዎ ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ሕመሙ የባክቴሪያ ነው ወይስ የቫይረስ?» ብለው ይጠይቁ። የጉንፋንና የአብዛኛው የጉሮሮ ሕመም መነሻ ቫይረስ ነው፤ እሱን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይነካውም። አንቲባዮቲክ ከታዘዘም ሐኪሙ እንዳዘዘው ቀኑን ያድርስ።

በ2023 ደግሞ በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሲኔቶባክተርን ለይቶ የሚያጠቃ አባውሲን የተባለ ሌላ ውሑድ በዚሁ መንገድ ማግኘታቸውን አስታወቁ። የሆድን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሳይነካ አንዱን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ይወጣዋል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ይሁንና ሃሊሲንም አባውሲንም እስካሁን በፋርማሲ አይሸጡም።