ጥለቱ ሲንቀጠቀጥ

እማማ ሃርድ ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የመጡት። የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከአሜሪካ በሰው እጅ የተላከ። «የሠፈር ልጆች ከፍተው ‹ባዶ ነው› አሉኝ፤ እስቲ አንተ እየው ልጄ» አሉ። ባዶ አልነበረም። 180 ፋይል አለበት፤ ሁሉም ሲአር2፣ የካኖን ሮው። እሳቸው የሚፈልጉት ሳሎናቸው ባለው አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ማየት ብቻ ነው።

ሰው ሮውን ፎቶ ይመስለዋል። ገና ያልተቦካ ዱቄት ነው። ሴንሰሩ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሚለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ነው። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው።

ካሜራው ካኖን 5ዲ ማርክ ቱ ነበር፤ 5616 በ3744 ፒክስል፣ 21 ሚሊዮን መሆኑ ነው። በእኛ አገር የፓል ሥርዓት ዲቪዲ የሚይዘው 720 በ576፣ ሲባዛ 414,720። ከሃምሳ ፒክስል አንዱ ይተርፋል። የብርሃኑ ደረጃም ከ16,384 ወደ 256 ይወርዳል። «ለዲቪዲ ምን አስጨነቀህ? ጄፔግ አውጥተህ ደርድረው» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ይህን ያህል የሚጣል ከሆነ የሚጣለውን ራሴ ልምረጥ ባይ ነኝ። በፎቶው ያለው የነጠላ እጥፋት ሮው ላይ እያለ ካልዳነ ቴሌቪዥኑ ላይ የተለሰነ ግድግዳ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ፎቶ 5 ሰከንድ ሰጠሁት፤ 125 ፍሬም ማለት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ድምሩ 15 ደቂቃ። የዲቪዲ ፒክስል ጎኖቹ እኩል አለመሆናቸውን አልረሳሁም፤ በጀማሪነቴ ይህን ረስቼ ስንቷን ሙሽራ አወፍሬያለሁ።

ጣጣው የመጣው ከመልሱ ፎቶ ነው። ሙሽራዋ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ኮምፒዩተሬ ላይ እንከን የለውም። ስቱዲዮው ጥግ ለመፈተሻ ያስቀመጥኩት፣ ከኋላው እንደ ሣጥን የሚሰፋ ቴሌቪዥን ላይ ስከፍተው ግን የቀሚሱ ጥለት እንደ ጉንዳን መንጋ ይንቀጠቀጣል። የድሮ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በአንዴ አይስለውም፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን፣ እንዲህ እያለ በሰከንድ 50 ጊዜ ይፈራረቃል። ከአንድ መስመር የቀጠነ አግድም ክር ታዲያ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል።

መድኃኒቱ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ ማደብዘዝ ነው። ጥርት ያለ ፎቶ ለማውጣት ዕድሜውን ለሌንስ ለገበረ ሰው ይህ እንደ ስድብ ነው። ትንሽ ሳደበዝዘው መንቀጥቀጡ አልለቅ አለ፤ ብዙ ሳደርገው የሙሽራዋ ሽፋሽፍት ጠፋ። በሦስተኛው ዲስክ፣ ጥለቱን ብቻ ለይቼ አደብዝዤ ፊቷን ተውኩት። የደረበችው ካባ ቅላትም ወርቁ ጥልፍ ላይ እየፈሰሰ ስላስቸገረ ቀነስኩት፤ በዲቪዲ ላይ ለቀለም የሚደርሰው የነጥብ ብዛት ለብርሃን ከሚደርሰው ሩቡ ነው።

ለልጅቷ መላኪያ ሌላ ቅጂ ሠራሁ፤ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ፣ 720 በ480። ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ከዓመታት በፊት ፓሉን ወደዚያ ልኬ «ባዶ ዲስክ ነው የላክህልን» ተብዬ ተደውሎልኛል።

እማማ በቀጠሯቸው መጡ። ጥጉ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ሳቁ፣ ዘመድ በየስሙ እየጠሩ ቆጠሩ። መልሱ ጋ ሲደርስ «እስቲ እዚህ ጋ አቁምልኝ» አሉ። አቆምኩት። ተነስተው መስታወቱ ድረስ ተጠጉና ጣታቸውን ቀሚሱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«ፈትሉን እኔ ነኝ የፈተልኩት። ሽሮ ሜዳ አሠርቼ ነው የላክሁላት።» ጥቂት ዝም አሉ። «ጥለቱ ደብዘዝ አላለም፣ ልጄ?»

እንዲያ ካልሆነ ይንቀጠቀጣል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ያመኑኝ አልመሰለኝም።

«እንግዲያው ይቺን በወረቀት ታወጣልኛለህ?»

ሃርድ ዲስኩን መልሼ ሰካሁና ሲአር2ውን ከፈትኩ።